የጁምዓ አራት መብራቶች

ከሚሴ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ ወንድሜ ኑርሁሴን፤

አካም ጅርታ? ሚስትህ ደህና? ልጅህ ፋሪዳስ? ጆሮህን አልጠይቅም፤ ከስልክ ምሰሶው ወድቀህ መስማት ካቆምክ ወዲህ ስለ እሱ ጠይቄህ አንድም ቀን እውነቱን ነግረኸኝ አታውቅም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኛ የምለው እኔንና ዶሮዎቹን ነው።

ፋሪዳ በስልክ የነገርኳትን ግማሹን ውጣ ግማሹን ስለምትነግርህ በወረቀት ጻፊልኝ ማለትህ ደግ ነው። ዕድሜ ለመሠረተ ትምህርት፣ ፊደሉ እጄ ላይ ቀርቷል። ወረቀቱን ሸምሱ ያደርስልሃል፤ ሚኒባሱ በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ ይመላለሳል።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አይ፣ ከጥር ወዲህ ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ሞደሙ አምና መጥተህ ካስቀመጥክበት ከቡፌው መደርደሪያ ላይ አልተነሳም። ገመዱም ያው ነው። ቤት የመጣ አዲስ ነገር ካልክ፣ የሰፈራችን ልጅ ዘይና ከዐረብ አገር ስትመለስ ልጄ ኢልሃም የላከችልኝን ከፋይ ጨርቅ አምጥታልኛለች። አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩን ወርቅማ ክር የዞረው። ስታየው ዓይንህ ይቀራል። ይሄ ግን ላንተ ጥያቄ ምን ያደርግልሃል።

ኢልሃም የምትደውለው በጁምዓ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። የምትጦራቸው አሮጊት ከዙህር በኋላ ጋደም ሲሉ፣ እመቤቷም ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ፣ በአሮጊቷ ስልክ በኢሞ ትደውልና ስትጨርስ ታጠፋዋለች። መልሼ ልደውልላት አልችልም፤ መልእክትም እንዳልክባት በአላህ ስም አስምላኛለች። የሞባይሉ ኢንተርኔት እዚህ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ያለኝ ይሄው የቤት ሞደም ነው። ልጄን የማገኛት በሳምንት አንድ ቀን በዚያች ሳጥን በኩል ነው፤ እሷም በዚያችው ቀን ትጠፋብኛለች። ሦስት ጁምዓ ሆነ። ፊቷን አያለሁ፣ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ አፏ እንደተከፈተ ይቆማል።

እንዳዘዝከኝ የሞደሙን መብራቶች ጽፌያለሁ። ጁምዓ የካቲት 14፣ ከሰዓት፦ እስክደርስ አራቱም ጠፍተው እንደ አዲስ አንድ በአንድ መብራት ጀምረዋል። ቅዳሜ፦ አራቱም በርተው ዋሉ።

እህትህ ሙሚና

---

አዲስ አበባ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም እታለም፤

ጾሙን አላህ ይቀበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዶሮዎቹን ሰላም በይልኝ።

ኢልሃም ከስታለች ወይ ብለሽ በፋሪዳ አስጠይቀሽኛል። ዘይና ያመጣችውን ፎቶ አይቼዋለሁ። መብራቱ ከጎን ስለመጣ ነው ጉንጯ የገባ የመሰለሽ። ሌላ ነገር አታስቢ።

አሁን እኔ የምልሽን አድርጊ። አራቱ መብራቶች ባንድ ጊዜ ጠፍተው እንደ አዲስ የሚጀምሩ ከሆነ ሞደሙ ኃይል እያጣ ነው፤ መስመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው መብራት ብቻውን ነበር የሚጠፋው። ሶኬቱ ላይ የሚሰካውን ጥቁሩን አዳፕተር በእጅሽ ዳብሺው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ይቀየር። ከውጭ የሚገባውን ገመድም ከጣሪያው ሥር የተቀጠለበትን ቦታ ሰው አስወጥተሽ አሳዪ። ሲጠፋብሽ ደግሞ አትነካኪው። ከሶኬቱ ንቀዪው፣ ቁል ሁወላሁ አሐድን ሦስት ጊዜ ረጋ ብለሽ ቅሪ፣ ከዚያ መልሰሽ ሰኪው። እኔ በሥራ ዘመኔ ሰዓት አይቼ አላውቅም፣ በዚያ ነበር የምለካው።

መብራቶቹን መጻፍሽን አታቋርጪ። ችግሩ አለ፣ ይገኛል። የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱን ካወቅን ያዝነው ማለት ነው።

ወንድምሽ ኑርሁሴን

---

ከሚሴ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ኑሬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፤

ስለቆየሁ ይቅር በለኝ። ጾሙም ሙቀቱም አንድ ላይ ሆኑብኝ። ዘንድሮ ከጨፋ ሜዳ የሚመጣው ንፋስ ራሱ እሳት ነው፤ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አይቻልም።

አዎ፣ ያልከው ሁሉ ተደርጓል። ገመዱ ከጣሪያው ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ። ማን እንደጠቀለለው አላህ ይወቀው። ባለሙያው መጥቶ ቆርጦ በአዲስ ቀጠለው። አዳፕተሩ አይሞቅም፤ ቢሆንም አስቀየርኩት። ባለሙያው ማክሰኞ ለት ሞደሙን ሲያየው አራቱም መብራት እንደ ሙሽራ ቁጭ ብለው ጠበቁት። ሰውየው ሲመጣ ደህና፣ ሲሄድ በሽተኛ። እኔን ነው ያሳፈረኝ። ‘እማማ፣ እንዲሁ አይጥፋብኝ ብለው ፈርተው እንዳይሆን’ ብሎኝ ሄደ።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ደህና ነው። ፋጡሜ፣ ጎረቤቴ፣ ማታ ማታ እየመጣች ስልኳን ታያይዝበታለች፣ አንድም ቀን አልጠፋባትም። ጁምዓ መጋቢት 5 ግን ኢልሃም ‘ፋጡሜ ደህና ናት? የፋጡሜ ላምስ ወለደች?’ እያለች ሳለ ጠፋ። ነቀልኩት። ሦስት ጊዜ ቀራሁ። መጣ። እንደገና ጠፋ።

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ኃይል እየተሻማ ይሆናል ብለህ በፋሪዳ ያስነገርከኝን ግን ሁለተኛ እንዳትደግመው። ስለ መስጊድ እንዲህ አይባልም። ደግሞም ጠይቄያለሁ፤ ማጉያው በሌላ መስመር ነው።

ተናድጄ አይደለም። ተናድጄም ነው። የልጄን ፊት እያየሁ አላገኛትም፤ ይሄ ከሩቅነቷ በላይ ያቃጥላል።

ሙሚና

---

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ ዐለይኪ ሰላም፤

ስለ መስጊዱ አፉ በይኝ። መላ ሲያጣ ሰው የማይጠረጥረው የለም።

አይ፣ በፋሪዳ ላስጠየቅሽኝ፣ ኢልሃም ለእኔ ምንም አልነገረችኝም። ካንቺ የደበቀችውን ለእኔ ትላለች ብለሽ አታስቢ። ኢልሃም ያንቺ ልጅ ናት፣ ስትጨነቅ ስለ ላም ትጠይቃለች።

‘ለምን ቶሎ አትነግረኝም’ ማለትሽ ግን አሳቀኝ። ካንቺ ቤት ማን ቶሎ ተናግሮ ያውቃል? ባቲ ያየኋትን ልጅ ላግባ ብዬ ስጠይቅሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ምንም። ማሽላሽን ማበጠር ቀጠልሽ። እኔም ገባኝና ተነስቼ ወጣሁ፤ አላገባኋትም። አንቺ እምቢ ማለት ሲከብድሽ ዝም ትያለሽ፤ ይሄንን ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ቋንቋ ተምሮታል። ቅር ብሎኝ አይደለም፤ የፋሪዳ እናት በአላህ ፈቃድ ትበልጥብኛለች።

በጁምዓ ብቻ። ሌት ተቀን የማስበው ይሄንን ነው። በጁምዓ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤት ስለሚውል ኤሌክትሪኩ ይደክም ይሆናል። ኃይል የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ስታቢላይዘር የሚሉትን፣ በሸምሱ ልኬልሻለሁ። እሱን መሃል አስገቢው።

ኑርሁሴን

---

ከሚሴ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሬ፣ ዒድ ሙባረክ። አላህ ለዓመቱ ያድርሰን፤

መሣሪያውን ዕለቱን አስገባሁት፤ ያሳያል፣ ቁጥር ያበራል። ለጁምዓ ግን አልረዳኝም።

አዎ፣ በበዓሉ ሰሞን ጁምዓ ደውላለች። ፋጡሜም ልጇ ሙስዐብም ዘይናም ነበሩ፤ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁሉንም በየተራ ሰላም አለች። ከዚያ ‘እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሰው ይውጣልሽ’ አለችኝ። ወጡልኝ። ውሏ ማለቁ ነው። እመቤቷ ሁለት ዓመት ትፈርሚያለሽ ወይስ ትኬትሽን ልቁረጥ ብላታለች። ‘እማ፣ ልምጣ?’ አለችኝ። እንዲህ ብቻ። ልምጣ?

ተቋረጠ።

ኑሬ፣ ደሴ ሄጄ ልማር ስትለኝ ዝም አልኳት፣ ቀረች። ዐረብ አገር ስትሄድ ጭራሽ አልጠየቀችኝም፤ ዝም እንደምል ስለምታውቅ። ይሄን ሁሉ ዓመት አሁን ገና ጠየቀችኝ። ‘ልምጣ?’ ስትል ድምፅዋ እንደ ሕፃንነቷ ነበር። ቤቱ ልስን ቀርቶት፣ ጓሮው አጥር ቀርቶት፣ እሷ የምትልከውን ስለምጠብቅ ትቆይ እላለሁ ብላ ፈርታለች። እኔ ልስን ምን ይሠራልኛል። ትምጣ። ዛሬውኑ ትምጣ።

በጁምዓ ይሄንን መስመር አንድ ደቂቃ አቁምልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። አንዲት ቃል ነው ያለችኝ።

ሙሚና

---

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

በጎበዝነትሽ ጽኚ። ልታለቅሺ ብትፈልጊም ከጁምዓ በኋላ አልቅሺ።

ኢልሃምን ዐረብ አገር የላካት ኤጀንሲ ቢሮ ሄጄ ነበር። ‘እናቷ ነይ ብላታለች በሉልኝ’ ብዬ በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። በወረቀት መለሱልኝ፦ ሠራተኛዋ ራሷ ካልጠየቀች አንገባም።

ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ ስልኩን ይዘሽ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ሂጂ። የቤቱ ሞደም ከከዳሽ የሌላው ይሞከር። ሁለተኛ፣ ሰላምታውን ተዪው። ‘አካም ጅርታ፣ ደህና ነሽ፣ ሰውነትሽስ፣ ሥራሽስ’ ስትባባሉ ነው ደህናዎቹ ደቂቃዎች የሚያልቁት። ፊቷን እንዳየሽ ‘ነይ’ በያት። ነውር አይደለም። አላህ ያውቃል።

ለመሆኑ ጁምዓ ጠዋት ከመነሳትሽ ጀምሮ የምታደርጊውን ጻፊልኝ። ትንሿንም ሳታስቀሪ። በጁምዓ ብቻ የሚሆን ነገር ካለ በጁምዓ ብቻ የሚደረግ ነገር አለ ማለት ነው።

ኑርሁሴን

---

ከሚሴ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሬ፤

መጋቢት 26 ደውላ ነበር። ‘የምፈርመው ሰኞ ሚያዝያ 13 ነው፣ እማ’ ካለች በኋላ አፌን ስከፍት ጠፋ። ያንተ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደግሞ የቀረኝ ሚያዝያ 3 እና ሚያዝያ 10 ብቻ ነበር።

ጁምዓ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ ላልከኝ፣ ምን አደርጋለሁ? ሱብሒ ሰግጄ ቤቱን እጠርጋለሁ። እጣጠባለሁ፣ ንጹሕ ልብሴን እለብሳለሁ። የልጄ ቀን አይደለም? ጎረቤትም ይመጣል። የቡፌውን ብርጭቆ አጥባለሁ። ለሞደሙም ኢልሃም የላከችውን ከፋይ አለብሰዋለሁ። በሌላው ቀን ከፋዩን አቧራ እንዳይጠጣ ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ በጁምዓ ግን እሷ የምትመጣው በእሱ በኩል ስለሆነ ራቁቱን አይቀመጥም። ከዚያ የሰው ልጆች እንዳይነካኩት የቡፌውን መስታወት እቆልፋለሁ። ይሄው ነው። ባለፈው ጁምዓም ይሄን ሁሉ አድርጌ፣ ቤቴን ዘግቼ ሆቴል ሄድኩ።

ከዙህር እስከ ዐስር በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ወንዶቹ አስተያየታቸው አሳቀቀኝ። ዋይፋዩ ይሠራል፤ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ቪዲዮ ያያል። እሷ ግን አልደወለችም። አሮጊቷ ሳይተኙ ቀርተው ይሆናል። ወይም ታማ። አላውቅም።

አንድ ጁምዓ ቀረኝ። ከቤቴ አልወጣም፤ አንዴ ስወጣ አልደወለችም፣ እፈራለሁ። ከቻልክ እወቅልኝ።

ሙሚና

---

አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙሚና፣ ይሄ ወረቀት እጅሽ እንደገባ ከፋዩን አንሺው!!

አንሺው፤ የቡፌውንም መስታወት ከፍተሽ ተዪው። ሞደሙን ከተቻለ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ሌላ ምንም ችግር የለበትም። ይሞቃል፣ መተንፈሻ ያጣል፣ ራሱን ያጠፋል። መብራቱን ልታዪ ስትከፍቺና ጨርቁን ስትገልጪ ይቀዘቅዝና ይነሳል፤ መልሰሽ ስትሸፍኚው ይወድቃል። ባለሙያው ማክሰኞ ሲመጣ ደህና የሆነው ለዚህ ነው።

ፋሪዳ ከጠዋት ጀምሮ ትደውልልሻለች፤ የሞባይልሽ መስመር የለም ይላል። የቤቱ ስልክ እጀታ መሰበሩን እያወቅኩ በዚያም አስሞከርኳት። ሸምሱን መናኸሪያ ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ሐሙስ ማታ እቤቷ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል።

ጁምዓ ገና ነው። ነይ በያት።

ኑርሁሴን

---

ከሚሴ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ኑርሁሴን፣ አሰላሙ ዐለይኩም፤

ወረቀትህ ደርሶኛል። አላህ ይስጥህ። ያልከውን አድርጌያለሁ፤ ሞደሙ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ምንም የለበሰው ነገር የለም። እጄን ሳስጠጋው ሙቀቱ ይሰማኛል። ለካ ይሄ ሁሉ ሙቀት ነበረው።

አራቱም በርተዋል፣ አልጠፉም።

ለዛሬ ይሄው ነው። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል።

ሙሚና

---

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣ እልል በይ!

ደብዳቤሽን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ፤ ፋሪዳ የሆነ ነገር ነካው ብላ ሮጣ መጣች። አራቱም በርተዋል! ሰላሳ ዓመት መስመር ጠግኛለሁ፣ እንደዚህኛው ደስ ያለኝ የለም። አጭር አድርገሽ መጻፍሽ ከደስታ ነው ብዬ ተረድቼዋለሁ፤ አንቺ ደስታሽንም እንደ ኀዘንሽ ነው የምትውጪው።

እንግዲህ የትኛው ቀን ነው? ‘ነይ’ ስትያት ምን አለች? አለቀሰች? አውሮፕላን ማረፊያ እኔና ፋሪዳ እንቀበላታለን። ስሟን በትልቁ የጻፍኩበት ካርቶን አዘጋጅቻለሁ፤ ስትጣራ ስለማልሰማ እሷ እኔን ታግኘኝ ብዬ ነው። ለሁለት ቀን እኛ ጋ አሳርፈን በሸምሱ እንልካታለን።

ትኬቱ መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ሰኞ ኤጀንሲው እሄዳለሁ።

ወንድምሽ

---

ከሚሴ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑሬ፤

ካርቶኑን እጠፈው።

ከፋዩን አንሺው ያልክበትን ወረቀት ሸምሱ ያመጣልኝ ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ነው። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሌሊት ከተሳፋሪው ጋር ውጭ አደረ። ደጄ ላይ ሲቆም ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ምን እንደያዘ እንኳ አያውቅም፣ ያስጨነቀው የማለው መሐላ ነው። እንዳትቆጣው።

ቀድሜ ልነግርህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ እጄ ስለ መብራት ጻፈ። ይቅር በለኝ። አንተ ደስ ብሎህ ሰንብተሃል፣ ያንን ያህል ቀን እኔ የሰጠሁህ ይመስለኝና እጽናናለሁ።

ሚያዝያ 10 እንደ ልማዴ ቤቱን ጠረግኩ። የመጨረሻው ቀን ነው ብዬ ከፋዩን እንዲያውም ጥሩ አድርጌ አለበስኩት፤ ከሥሩ አስገብቼ ዙሪያውን ጠቀጠቅኩለት። ቆለፍኩ። ለሰዎቹም ዛሬ አትምጡብኝ አልኳቸው። ደወለች። ሰላምታውን ተዪ ብለኸኝ የለ? ፊቷ ብቅ ሲል ‘ኮቱ!’ ብዬ ጮህኩ። ‘ነይ! ልጄ ነይ!’ በሁለቱም ቋንቋ ጮህኩ፤ ፋጡሜ በአጥሩ ሰምታኛለች። ኢልሃም ግን ቆማለች። አፏም ዓይኗም ቆሟል። ሞደሙ ሊጠፋ እያለ ድምፅዋ ብቻ መጣ። ‘እማ? ትሰሚኛለሽ? እማ፣ ልምጣ?’

እኔ እሰማታለሁ፣ እሷ አትሰማኝም። ‘ነይ’ እላለሁ፣ ‘እማ?’ ትላለች።

ከዚያ፣ ‘ዝም ካልሽ ገብቶኛል እማ። አትጨነቂ፣ እቆያለሁ’ አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደሴ ልማር ብላኝ ዝም ባልኳት ቀን በተናገረችበት ድምፅ ነው የተናገረችው፤ ያኔም ‘ገብቶኛል እማ’ ብላ ተነስታ እንስራውን አንስታ ውኃ ልትቀዳ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጁምዓ አለፈ። አልጠፋም። አልደወለችም።

ሙሚና

---

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

እንዴት ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ኤጀንሲው ያሉኝን ከሰማሁ አሥር ቀን አልፎኛል። ያንቺ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ አውቄዋለሁ፤ ‘ተሳስተዋል’ ብዬ ያንቺን እየጠበቅኩ ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 13 ፈርማለች። ወረቀቱን አሳይተውኛል። ሁለት ዓመት። አሮጊቷ ሩቅ ከተማ ወደምትኖር ሌላ ልጃቸው ተዛውረዋል፤ እሷም አብራ ሄዳለች። ስልክ ትይዛለች ወይ ብዬ ጻፍኩ። ‘የአዲሷን እመቤት ቁጥር ለቤተሰብ አንሰጥም’ ብለው ጻፉ። ‘እናትሽ ያኔም ነይ ብላሻለች፣ መስመሩ ነው’ የሚል ወረቀት ጽፌ አስተላልፉልኝ ብዬ ሰጠሁ። የቢሮው ሠራተኛ ተቀብላኝ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችው። ትልከው እንደሆነ አላውቅም።

ጥፋቱ የኔ ነው። በሞቃት አገር ሞደም መታፈን እንደሌለበት የማውቀው እኔ ነበርኩ። መስታወቱን ክፍት ትቼ ስሄድ አትዝጊው አላልኩሽም። ስለ ገመዱ ጠየቅኩሽ፣ ስለ አዳፕተሩ ጠየቅኩሽ፣ መስጊዱን እንኳ ጠረጠርኩ። ከሁለት ወር በላይ ‘ላዩ ላይ ምን አለ?’ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። ነግረሽኝማ ነበር፤ መጀመሪያ ደብዳቤሽ ላይ ከፋዩ ነበረ።

መስመሩን ላስቆርጥልሽ ወይ? እዚያ ቁጭ ብሎ ሲያበራ ከምታዪው ይሻል እንደሆነ ብዬ ነው። ፋሪዳ በክረምቱ ትምህርት ሲዘጋ አንቺ ጋ ትመጣለች።

ኑርሁሴን

---

ከሚሴ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ኑሬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ፤

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። የዐረፋ በዓል ዘንድሮ ጁምዓ ዋለ። ሰው ሁሉ ‘ኢልሃም ደህና ናት?’ ብሎ ጠየቀኝ፤ ደህና ናት አልኩ።

መስመሩን አታስቆርጠው።

ከፋዩን ላልከው፣ ልጥለው ብዬ አውጥቼው ነበር። የልጄ እጅ የነካው ነው፣ አልቻልኩም። አጥፌ ሳጥኑ ሥር አስገባሁት። ስትመጣ ለምን አልተጠቀምሽበትም ብትለኝ ምን እንደምላት ገና አላውቅም።

ጥፋቱ የኔ ነው ብለሃል፤ አይደለም በይኝ ብለህ ከሆነ አይደለም። ብዙ አስቤበታለሁ። ከፋዩ መስመሩን ነው ያፈነው። ነገር ግን ስትጠየቅ የምትመልስ እናት ብትኖራት ኖሮ፣ ልጄ ያን ጊዜ ‘መስመሩ ተበላሸ’ ነበር የምትለው። በሚቀጥለው ጁምዓ ትደውል ነበር። እሷ ግን ዝምታውን ስትሰማ እናቷን አወቀች። ስልኩ ሲሞት የኔ ድምፅ መሰላት። ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ኑሬ። ያንተንም የባቲዋን ልጅ አስቀርቼብሃለሁ፤ ስታሾፍብኝ እየሳቅክ መስሎኝ ነበር።

አሁን ፋጡሜ ምን ነካሽ ትለኛለች። ‘ወንፊት ልዋስ’ ስትል ቃሉን ሳትጨርስ ‘ውሰጂ’ እላታለሁ። ገበያ ‘ይበቃሻል?’ ሲሉኝ ‘ይበቃኛል’ እላለሁ፣ ባይበቃኝም። ትናንት ዘይና መጥታ ‘ተመልሼ ልሂድ ይሆን?’ አለችኝ፤ እኔን አልነበረም የጠየቀችው፣ ለራሷ ነው። ‘አትሂጂ!’ ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ አየችኝ። ብቻዬን ስሆንም ዝም ማለት ፈርቼ ከዶሮዎቹ ጋር አወራለሁ።

ሁለት ዓመት መቶ አራት ጁምዓ ነው። ስምንቱ አልፏል። ከዙህር በኋላ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ፊት እቀመጣለሁ። ምናልባት አዲሷ እመቤትም በጁምዓ ትወጣ ይሆናል። ከደወለች ሰላም አልላትም።

ፋሪዳ ትምጣ።

ጁምዓ ሰኔ 6፣ ከሰዓት፦ አራቱም በርተው ዋሉ።

እህትህ ሙሚና